ከፋይ ያልነበረው ጽዳት፦ የስሪ ማይል አይላንድ ዕዳ

ስለ ኒውክሌር አደጋ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስንት ሰው ተጎዳ፣ ጨረሩ እስከ የት ደረሰ፣ ጥፋቱስ የማን ነው ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ወሬው ቀዝቅዞ ጋዜጠኛው ከተበተነ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል። የቀለጠውን ነዳጅ ማን ያወጣዋል? ምድር ቤቱን የሞላውን የተበከለ ውሃ ማን ያጣራዋል? ለዚህ ሁሉ የሚወጣውን ገንዘብስ ማን ይከፍላል? የአሜሪካው የስሪ ማይል አይላንድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው እንደ አንድ ንጋት ታሪክ ነው፤ አልዘጋ ያለ ቫልቭ፣ ግራ የተጋቡ ኦፕሬተሮች፣ የተደናገጠ ሕዝብ። እኔ ግን የዚያ ቦታ ትልቁ ትምህርት ያለው ከዚያ ንጋት በኋላ በመጡት ስድስት ዓመታት ውስጥ ነው ባይ ነኝ። በእነዚያ ዓመታት ከዓለም ሁሉ ሀብታም የሆነችው አገር አንድ የተበላሸ የኒውክሌር ማብላያ ማጽዳት አቅቷት ስትጓተት ታየች። ያነሳት ገንዘቡ አልነበረም፤ ያነሳት ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አስቀድሞ የተቆረጠ ውሳኔ ነው። ከፋዩ ያልታወቀ ጽዳት ይዘገያል፤ የዘገየ ጽዳት ደግሞ ራሱን የቻለ ሁለተኛ አደጋ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማመንጫው የሚገኘው በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ከዋና ከተማዋ ከሃሪስበርግ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሰስኩዌሃና ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ ነው። ሁለት ማብላያዎች ነበሩት። ሁለተኛው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ታኅሣሥ 30 ቀን 1978 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ሦስት ወር ሳይሞላው፣ መጋቢት 28 ቀን 1979 ሊነጋጋ ሲል፣ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፍቶ ቀረና የማቀዝቀዣው ውሃ ይፈስ ጀመር። መሣሪያዎቹ የሚያሳዩትን በትክክል መተርጎም ያልቻሉት ኦፕሬተሮች በድንገተኛ ጊዜ የሚገባውን ውሃ ቀነሱት። ነዳጁ ከውሃ ውጪ ሆነ፤ ግማሽ ያህሉም ቀለጠ። 20 ቶን የሚሆነው ነዳጁን ወደያዘው የብረት ጋን ግርጌ ወረደ። ጋኑ ግን አልተበሳም፤ የኮንክሪቱ ሕንጻም አብዛኛውን ብክለት ይዞ አስቀረ። አገረ ገዢው ዲክ ቶርንበርግ በስምንት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናት እንዲወጡ ሲመክሩ፣ ወደ 140,000 የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሄደ። ወደ ውጪ የወጣው ጨረር ጥቂት መሆኑ ሲነገር ሕዝቡ ተመለሰ፤ ብዙዎች አደጋው አለቀ ብለው አሰቡ። ሕንጻው ውስጥ ግን ከ2 ሚሊዮን ሊትር በላይ የሚሆን በጨረር የተበከለ ውሃ ተኝቷል፤ አየሩን በጨረር መለኪያ 43,000 ኩሪ ገደማ የሚሆን ክሪፕተን ጋዝ ሞልቶታል። እስከ ሐምሌ 1980 ድረስ አንድም ሰው እግሩን ወደዚያ ሕንጻ አላስገባም። የማብላያው ልብ፣ ማለትም ነዳጁ ያለበት ክፍል፣ ምን እንደሚመስል በካሜራ የታየውም ገና በ1982 ነው።

ሕጉ ይህን ቀን አላሰበውም ነበር ማለት ግን ትክክል አይሆንም፤ ያሰበው ግማሹን ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1957 ፕራይስ አንደርሰን የተባለውን ሕግ ያወጣው የግል ኩባንያዎች የተጠያቂነት ፍርሃት ይዟቸው ከኒውክሌር እንዳይሸሹ ነበር። ሕጉ ለአንድ አደጋ የሚከፈለውን ካሳ በ560 ሚሊዮን ዶላር ወሰነ። በ1975 ሲሻሻል ደግሞ አደጋ ቢደርስ እያንዳንዱ ማብላያ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያዋጣ አደረገ። ይህ ሁሉ ግን ለጎረቤት ነው። ቤቱን ጥሎ ለወጣ፣ ገበያው ለተቋረጠበት፣ ጤናው ተጎዳ ለሚባል ሰው የታሰበ ነው። በዚህ በኩል ሕጉ ሠርቷል፤ የኢንሹራንስ ሰዎች በቀናት ውስጥ ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች መክፈል ጀመሩ፤ በ1981 የጋራ ክሱ በ25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ፤ ከዚያ ውስጥ 5 ሚሊዮኑ ለሕዝብ ጤና ፈንድ ዋለ። ግቢው ውስጥ ስለቀረው ቆሻሻ ግን ሕጉ አንዳች የሚለው የለም። ያ የባለንብረቱ የራሱ ጉዳይ ተደርጎ ተተወ። ባለንብረቱ የነበረው የንብረት ኢንሹራንስ 300 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ኩባንያው ቆጥቦ ሳይሆን በጊዜው በገበያ ላይ ከዚያ የበለጠ ሽፋን የሚሸጥለት ስላልነበረ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ኢንሹራንስ የተጻፈው ንብረት ሲጠፋ ባለቤቱን ለመካስ እንጂ አንድን አካባቢ ከጨረር ለማዳን አልነበረም። አንድ ማብላያ ሲበላሽ ኪሳራው ከተሠራበት ዋጋ ሊበልጥ እንደሚችል፣ ፍርስራሹ ራሱ ሌላ ግንባታ ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ፣ በፖሊሲው ላይ ያሰበ አልነበረም። የጽዳቱ ግምት ግን ብዙም ሳይቆይ አንድ ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

የማመንጫው ባለቤት ጄኔራል ፐብሊክ ዩቲሊቲስ፣ በአጭሩ ጂ.ፒ.ዩ.፣ ሦስት የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን የያዘ ነበር። ሜትሮፖሊታን ኤዲሰን የማብላያው ግማሽ፣ ሌላው የፔንሲልቬንያ ኩባንያና የኒው ጀርሲው ኩባንያ ደግሞ እያንዳንዳቸው ሩቡ ነበራቸው። የመብራት ኩባንያ እንደ ሌላ ነጋዴ ዋጋውን በራሱ አይቆርጥም፤ የግዛቱ ኮሚሽን ነው ታሪፉን የሚወስንለት። ኮሚሽኑም የቆየ መርህ አለው፤ ደንበኛ የሚከፍለው ለሚያገለግለው ንብረት ብቻ ነው። በዚህ መርህ መሠረት የተበላሸው ማብላያ ወዲያው ከታሪፍ ስሌት ወጣ። ምንም ያልሆነው የመጀመሪያው ማብላያ ደግሞ በአደጋው ዕለት ነዳጅ ለመቀየር ቆሞ ስለነበር የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ እንዳይነሳ ከለከለው፤ በ1980 እሱም ከታሪፍ ወጣ። ኩባንያው በሁለቱ ፈንታ ከጎረቤት ኩባንያዎች በውድ ዋጋ ኤሌክትሪክ ይገዛል፣ ከባንኮች ማኅበር በብድር ይኖራል። ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ መክፈል አቆመ፤ ዳግም የከፈለው በ1987 ነው። የፔንሲልቬንያ ኮሚሽን በዚህ ላይ ከኢንሹራንስ በላይ የሆነው የጽዳት ወጪ ከደንበኞች ገቢ እንዳይወጣ አዘዘ። የፌዴራሉ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ በበኩሉ የጽዳት ግዴታው ከማንኛውም የታሪፍ ትእዛዝ በላይ ነው አለ። እንግዲህ ሁለት መንግሥታዊ አካላት፣ ሁለቱም ሕግ ጠቅሰው፣ አንዱ አጽዳ ሌላው አትክፈል ይላሉ። ሁለቱም በየራሳቸው መስክ ልክ ነበሩ። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ጥፋተኛ ባለሥልጣን ቢኖር ኖሮ እሱን ማንሳት በቂ በሆነ ነበር።

መዘግየቱ የሂሳብ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ምን ያስጨንቃል የሚል ይኖራል። እንዲያውም ይህን በጥናት አስደግፎ መከራከር ይቻላል፦ ጨረር በጊዜ ይደክማል፤ ሕንጻው ታሽጎ ሃያ ሠላሳ ዓመት ቢቆይ ሠራተኛው የሚወስደው ጨረር ይቀንሳል፣ ወጪውም ይበታተናል። ጤናማ ሆኖ ዕድሜውን ጨርሶ ለቆመ ማብላያ ይህ ክርክር ትክክል ነው፤ ብዙዎቹም በዚህ መንገድ ተይዘዋል። ስሪ ማይል አይላንድ ግን ሌላ ነበር። በውሃው ውስጥ የነበሩት ሲዚየምና ስትሮንቲየም ግማሽ ኃይላቸውን ለማጣት ሠላሳ ዓመት ገደማ ይፈልጋሉ፤ ውሃ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አይጠብቅም፤ ስንጥቅ ይፈልጋል። ከደሴቷ ዳርቻ በታች ወንዙ አለ፤ የላንካስተር ከተማም ከዚያ ወንዝ ይጠጣል። ከተማው ከሶ በ1980 የተበከለው ውሃ ወደ ወንዙ እንዳይለቀቅ ስምምነት ያገኘው በከንቱ አልነበረም። የቀለጠው ነዳጅ በምን ቅርጽ እንደተከመረ የሚያውቅም አልነበረም፤ ቅርጹ ያልታወቀ ነዳጅ ዳግም ወደ ሰንሰለታዊ ምላሽ እንዳይገባ ቦሮን የተባለው ንጥረ ነገር በውሃው ውስጥ በየጊዜው መጠበቅ ነበረበት። ፓምፖቹ፣ መለኪያዎቹና ማሸጊያዎቹ ለዚህ ዓይነት ኑሮ አልተሠሩም። ክሪፕተኑን ራሱ ለማስወጣት ከአንድ ዓመት በላይ ክርክር ፈጅቶ በ1980 ክረምት ቀስ በቀስ ወደ አየር ሲለቀቅ፣ የአካባቢው ሰው አደጋው ያላለቀ መሆኑን ዳግም ተረዳ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር በዚህ ቦታ የምህንድስና መመሪያ ነው፤ ቶሎ የተነሳ ቆሻሻ በርካሽ ይነሳል፣ የቆየው ግን ከግድግዳውና ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል።

ታዲያ ያጠፋው ይክፈል የሚለው መልስ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ በሞራል ደረጃም ከእኔ ጋር ጠብ የለውም። ባለአክሲዮኖቹ ትርፉን ወስደዋል፤ ኪሳራውንም ይውሰዱ። ነገር ግን ይህን መርህ በዚያ ጊዜ ወደ ገንዘብ ለመቀየር የተሞከሩትን መንገዶች እንይ። ጂ.ፒ.ዩ. የማብላያውን ሠሪ ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስን ከሰሰ። ተመሳሳይ የቫልቭ ችግር ከአደጋው በፊት በ1977 በኦሃዮ በሚገኝ ማመንጫ ታይቶ ማስጠንቀቂያው ለሌሎች በአግባቡ አልደረሰም ነበርና ክሱ መሠረት ነበረው። ነገሩ በ1983 መጀመሪያ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው ያገኘው 37 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል የአገልግሎትና የዕቃ ቅናሽ ነው። የፌዴራሉን ተቆጣጣሪም በ4 ቢሊዮን ዶላር ከስሶ ተሸነፈ። ባለአክሲዮኖቹን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ማራቆት ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን ኩባንያው ይከስራል፤ የከሰረ ኩባንያ ፍርድ ቤት ገብቶ ከአበዳሪዎቹ ጋር ለዓመታት ይከራከራል፤ በዚያ ወረፋ ውስጥ ምድር ቤት የተኛው ውሃ የሚቆመው ከባንኮች ኋላ ነው። የፍትሕ ጥያቄና የጽዳት ጥያቄ ተለያይተው ካልተያዙ አንዱ ሌላውን ያንቃል። አጥፊው በፍርድ ይጠየቅ፤ በ1984 ሜትሮፖሊታን ኤዲሰን ከአደጋው በፊት የፍሳሽ ልኬቶችን በማጭበርበሩ ጥፋተኛነቱን አምኖ 45,000 ዶላር ተቀጥቷል፣ ለአደጋ ዝግጁነትም አንድ ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ይህ ተገቢ ነበር፤ ከቢሊዮኑ ጎን ሲቆም ግን ከምንም አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ነው የቶርንበርግ ሥራ ዋጋ የሚኖረው። ሰውየው ሪፐብሊካን ነበሩ፤ ዋሽንግተን ላይ የመንግሥት ወጪ ለመቁረጥ የመጣው የሬጋን አስተዳደርም የእሳቸው ፓርቲ ነው። ሐምሌ 1981 ላይ ያቀረቡት ሐሳብ የሚጀምረው ጥፋተኛ ከመፈለግ ሳይሆን ተጠቃሚዎችን ከመቁጠር ነው። የቀረው ሥራ 760 ሚሊዮን ዶላር ይፈልጋል ብለው ለስድስት ከፋዮች አከፋፈሉት። ጂ.ፒ.ዩ. 245 ሚሊዮን፣ የመብራት ኢንዱስትሪው በአገር አቀፍ ደረጃ 190 ሚሊዮን፣ የፌዴራል መንግሥት 190 ሚሊዮን፣ ከኢንሹራንሱ የተረፈው 90 ሚሊዮን፣ የፔንሲልቬንያ ግዛት 30 ሚሊዮን፣ የኒው ጀርሲ ግዛት 15 ሚሊዮን። እያንዳንዱ ቁጥር ክርክር አዝሏል። ኢንዱስትሪው ለምን? አንዱ ማመንጫ ቆሽሾ ሲቀር የሁሉም ፈቃድና የሁሉም የባንክ ብድር ስለሚናጋ፤ ከዚያም በላይ በስሪ ማይል አይላንድ የተማረውን ሁሉም ስለሚጠቀምበት። የፌዴራል መንግሥትስ? የኒውክሌር ኤሌክትሪክን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያበረታታው፣ ፈቃዱን የሰጠው፣ የቀለጠውን የማብላያ ልብ ከማንም በላይ ለምርምር የሚፈልገው እሱ ስለሆነ። ኒው ጀርሲስ? አደጋው የደረሰው በሌላ ግዛት ቢሆንም መብራቱ የእሷንም ቤቶች ያበራ ስለነበር። የኩባንያው ድርሻም ቢሆን በአብዛኛው ከደንበኞቹ ክፍያ የሚመጣ መሆኑ አልተሸሸገም። እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሜ ስመለከት የሚገርመኝ አንዳቸውም በሕግ ያልተመሠረቱ መሆናቸው ነው። ኢንዱስትሪውን ክፈል የሚል አንቀጽ አልነበረም፤ የፌዴራሉን መንግሥትም የሚያስገድድ አልነበረም። ሁሉም በልመናና በእፍረት፣ በፖለቲካ ግፊትና በድርድር የተገኘ ነው። ቶርንበርግ የሠሩት ሥራ የሚያስመሰግናቸው ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ አገረ ገዢ ብልሃት ላይ ተንጠልጥሎ መገኘቱ ግን የሚያስመሰግነው ማንንም አይደለም።

ሐሳቡ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲለወጥ የፈጀው ጊዜ ይህን ያሳያል። የሬጋን አስተዳደር በ1981 መገባደጃ 123 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማማ፤ ስሙን ግን እርዳታ አላለውም፤ ምርምር አለው። ኢንዱስትሪው ለረጅም ጊዜ ሲያንገራግር ቆይቶ ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን መዋጮውን መክፈል የጀመረው በ1985 ነው። የጃፓን የኒውክሌር ኩባንያዎች እንኳ ባለሙያዎቻቸው ገብተው እንዲማሩ 18 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ። በመሃል ሥራው ተጓተተ፤ በገንዘብ እጥረት መርሃ ግብሮች ተገፉ። በዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሳል፦ የሕዝብ ገንዘብ የግል ኩባንያን ስህተት ከሸፈነ፣ ነገ ሌላው ኩባንያ ለምን ይጠነቀቃል? ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በስሪ ማይል አይላንድ ግን ኩባንያው ያለ ዋጋ አላመለጠም፤ ማብላያውን አጥቷል፣ ባለአክሲዮኖቹ ለዓመታት ትርፍ አላዩም፣ ኃላፊዎቹ ተቀይረዋል፣ ደህናውን ማብላያ እንኳ ለስድስት ዓመት ተኩል ተነፍጎ ቆይቷል። ይህን ያየ ሥራ አስኪያጅ መንግሥት ይከፍልልኛል ብሎ ቫልቭ አይዘነጋም። የተቃውሞው እውነተኛ ክብደት ሌላ ቦታ ነው፤ ከአደጋ በኋላ የሚለመን የሕዝብ ገንዘብ ስሌት የለውም፣ የሚለካው በአደጋው ወቅት ባለው የፖለቲካ ድምፅ ነው። ስለዚህ ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው መዋጮውን በሙሉ ሲቃወም ሳይሆን አስቀድሞ ያልተከፈለውን ሲቃወም ነው።

ገንዘቡ ሲገኝ ሥራው ሄደ፤ ይህም በራሱ ማስረጃ ነው። በ1984 የማብላያው ጋን ክዳን ተነሳ። ከ1985 እስከ 1990 መጀመሪያ ድረስ ሠራተኞች ከጋኑ በላይ በተሠራ መድረክ ላይ ቆመው፣ ረጃጅም መሣሪያዎችን ወደ ደፈረሰው ውሃ እየላኩ፣ የማያዩትን ፍርስራሽ እየቆረጡና እየለቀሙ ወደ ብረት ማሸጊያዎች ከተቱት። በውሃው ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ተራብተው እይታውን ጋርደዋቸው ሥራው ለወራት የተስተጓጎለበት ጊዜም ነበር። 99 በመቶ የሚሆነው ነዳጅ ወጥቶ በ342 ማሸጊያዎች በባቡር ወደ አይዳሆ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተጫነ። ከዚህ ሥራ የተገኘው እውቀት ቀላል አልነበረም፤ ነዳጁ ከታሰበው በላይ መቅለጡ፣ ጋኑም ከተፈራው በላይ መቋቋሙ የታወቀው በዚህ ጽዳት ነው። ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ የተከለከለው፣ ከ8 ሚሊዮን ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከ1991 ጀምሮ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እንዲተን ተደረገ። በ1993 ሥራው ሲዘጋ ሂሳቡ 973 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ የላንካስተር ከንቲባ የነበሩት አርተር ሞሪስ ለዓመታት የመሩት፣ ነዋሪዎችን ያካተተ አማካሪ ጉባኤ በአደባባይ እየተሰበሰበ ኩባንያውንና ተቆጣጣሪውን ይጠይቅ ነበር። ስለ ገንዘቡ አጥብቆ የጠየቀው ይህ ጉባኤ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ከባለሙያ ይልቅ ጎረቤቱ ገንዘብ ሲጠፋ ደህንነት እንደሚጠፋ ቀድሞ ገብቶታል።

ከአደጋው በኋላ የተወሰደው እርምጃ ለክርክሬ ሌላ ምስክር ይሰጠኛል። ኢንዱስትሪው በ1980 የራሱን የጋራ ኢንሹራንስ ኩባንያ አቋቋመ፤ አባላቱ የማመንጫ ባለቤቶች ናቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ላይ ከባድ አደጋ ቢደርስና ገንዘቡ ቢጎድል ሁሉም ተጨማሪ ያዋጣሉ። ነገሩ የዕድር ነው፤ አባሉ ቀብር ሳይመጣ በየወሩ ይከፍላል፣ ሐዘን የደረሰበትም ደጅ ለደጅ አይዞርም። እንደ ዕድርም አባላቱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የሌላው ግዴለሽነት የራስ ዕዳ ነውና። በ1987 የኒውክሌር ተቆጣጣሪው ይህን ወደ ግዴታ ቀየረው። እያንዳንዱ የማመንጫ ግቢ 1.06 ቢሊዮን ዶላር የንብረት ኢንሹራንስ እንዲይዝ፣ አደጋ ሲደርስም ከዚያ ገንዘብ ቅድሚያውን ማብላያውን ማረጋጋትና ማጽዳት እንዲወስድ፣ ባለአክሲዮንም ሆነ አበዳሪ ከኋላ እንዲቆም ደነገገ። ከደንቡ ሁሉ የሚበልጠው ይህ የቅድሚያ ተራ ይመስለኛል። በ1979 ምድር ቤት የተኛው ውሃ ከባንኮች ኋላ ቆሞ ነበር፤ ከ1987 በኋላ ከፊታቸው ቆመ።

ይህን ሁሉ የኢንሹራንስ ውጣ ውረድ ከመሸከም ማመንጫውን መንግሥት ይያዘው፣ ጽዳቱንም መንግሥት ይክፈለው የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች የቼርኖቢልን ታሪክ አቅርቤ እመልሳለሁ። በ1986 ማብላያው ሲፈነዳ ከፋዩ ማን እንደሆነ ጥርጥር አልነበረም፤ ሶቪየት ኅብረት ነው። መንግሥቱም በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እስከ ኅዳር 1986፣ ፍርስራሹን በብረትና በኮንክሪት ሳጥን ከደነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ግን ከፋዩ ራሱ ከዓለም ካርታ ጠፋ። ዕዳው ነጻ ለወጡት፣ ኢኮኖሚያቸው ለወደቀው ለዩክሬንና ለቤላሩስ ቀረ። አዲሱን ግዙፍ ቅስት ለመሥራት ከ1997 ጀምሮ በአውሮፓ የመልሶ ግንባታና ልማት ባንክ በኩል 45 አገሮች ማዋጣት ነበረባቸው፤ ቅስቱ በ1.5 ቢሊዮን ዩሮ ተሠርቶ በቦታው የተቀመጠው በ2016 ነው፣ ከአደጋው ሠላሳ ዓመት በኋላ። በጃፓን ደግሞ የ1961 ሕግ ባለማመንጫውን ያለ ገደብ ተጠያቂ ቢያደርግም እንዲይዝ ያስገደደው ሽፋን 120 ቢሊዮን የን ብቻ ነበር። የ2011ዱ የፉኩሺማ ማመንጫ አደጋ ጠቅላላ ወጪ በመንግሥት ግምት በ2016 ወደ 21.5 ትሪሊዮን፣ በ2023 ወደ 23.4 ትሪሊዮን የን ደረሰ። የማመንጫው ባለቤት የሆነው ቴፕኮ የተባለው ኩባንያ በ2012 በመንግሥት እጅ ገባ፤ ወደ 880 ቶን ከሚገመተው የቀለጠ ነዳጅም በ2024 የወጣው የመጀመሪያ ናሙና ከአንድ ግራም ያነሰ ነው። ገደብ የለሽ ተጠያቂነት በወረቀት ላይ ታላቅ ቃል ነው፤ ከበስተኋላው የተቀመጠ ገንዘብ ከሌለ ግን ቃል ሆኖ ይቀራል።

ስሪ ማይል አይላንድም ቢሆን አልተቋጨም። በ1993 የተዘጋው አደገኛው ምዕራፍ ነው፤ ሕንጻው ግን ዛሬም ቆሟል፤ በ2020 ፈቃዱን የተረከበው ድርጅት ገና እያፈረሰው ነው። ለዚህ የሚውለው ገንዘብ ለዓመታት በአደራ ፈንድ ሲጠራቀም የቆየ ነው። ከጎኑ ያለውን፣ በ2019 የተዘጋውን የመጀመሪያውን ማብላያ ደግሞ ባለቤቱ በ2024 ማይክሮሶፍት ኤሌክትሪኩን ለመግዛት ሲስማማ ዳግም ሊያስነሳው ተነስቷል። በአሜሪካው ደንብ ላይ ያለው የግዴታ ሽፋን ግን አሁንም ያው የ1987ቱ 1.06 ቢሊዮን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዶላር የመግዛት አቅም ከግማሽ በታች ወርዷል። ኩባንያዎቹ በፈቃዳቸው የበለጠ ይገዙ ይሆናል፤ ደንብ ያለው ግን በፈቃድ ላይ ላለመተማመን ነበር።

ጥያቄው ለኢትዮጵያ አንባቢም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2025 ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመሥራት የሚያስችል የድርጊት መርሃ ግብር ተፈራርማለች። በዓለም አቀፉ የቪየና ስምምነት መርህ መሠረት ለጎረቤት ጉዳት ተጠያቂው ማብላያውን የሸጠው ሳይሆን የሚያንቀሳቅሰው ነው፤ ስምምነቱ በማመንጫው በራሱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ደግሞ ከነጭራሹ አይሸፍንም። በ1957 የአሜሪካ ሕግ የተወው ክፍተት እዚህም አለ። ስለዚህ ውሉ ወደ ሕዝብ እንደራሴዎች ሲቀርብ ስለ ሜጋዋቱና ስለ ብድሩ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ግቢው ውስጥ ለሚቀረው ቆሻሻ የተቀመጠው ገንዘብ ስንት ነው፣ በማን እጅ ነው፣ ከአበዳሪው ፊት ነው ወይስ ከኋላው የሚቆመው? መልሱ በቁጥር ተጽፎ ካልቀረበ እንደራሴዎቹ ድምፅ አይስጡ።